አንድ ክንድ ከጠርዙ

ሃያ ሁለት ዓመት በብስክሌት ስትመላለስ አንድ ቀን እንኳ ያልወደቀች ሴት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ዝናብ ባልነካው ቀጥ ያለ አስፋልት ላይ፣ እንዴት ብላ ቦይ ውስጥ ትገባለች? መሐንዲሱ ጥያቄውን ሁለት ቀን ሙሉ አገላብጦ አየው፤ መልስ ግን አላገኘለትም። ብልሽት ነው እንዳይል ፍሬኑ ደህና ነው። ዕድሜ ነው እንዳይል አክስቱ ጡረታ ለመውጣት ገና ስድስት ዓመት የሚቀራት፣ ዳገት ሲወጡ እሱን ጥላው የምትሄድ ሴት ናት። እሷኑ ሲጠይቃት ደግሞ፣ «ወደቅሁ፣ ተነሣሁ፤ ሌላ ምን ወሬ አለው?» ብላ ነገሩን ታዞርበታለች።

አክስቱ የጤና ጣቢያው አዋላጅ ናት። በስሟ የሚጠራት የደመወዝ ዝርዝር ብቻ ነው፤ ሌላው ሰው ሁሉ «እትዬ ደወል» ይላታል። ደወሏ ከእሷ ቀድሞ መንደር ይገባልና። በዚያች ብስክሌት ሦስት መንደር ታዳርሳለች፤ የነፍሰ ጡሮችን ደም ግፊት ትለካለች፣ አራስ ትጠይቃለች፣ ሕፃን ትመዝናለች። ከሦስት ሳምንት በፊት ስትወድቅ የግራ እጇ አንጓ ወለም አላት። ወለምታው በሳምንቱ ዳነ። ብስክሌቷ ግን ዕቃ ቤት ገብታ ተቆለፈባት።

የቆለፈው የጤና ጣቢያው ኃላፊ ነው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ የሻይ ብርጭቆ በሁለት እጁ የሚይዝ ጠንቃቃ ሰው ነበር። «ሰው ከሞተ በኋላ የሐዘን ደብዳቤ ከምጽፍ፣ ሳይሞት የክልከላ ደብዳቤ ብጽፍ ይሻለኛል» አለ። ቀጥሎም መንገዱን ባለሙያ ያጥናው ብሎ ለመንገድ ቢሮ ጻፈ። ባለሙያው መንገዱ ለብስክሌት ይሆናል ካለ ብስክሌቷ ትመለስላታለች፤ አይሆንም ካለ አዋላጇ ወደ ካርድ ክፍል ትዛወራለች። ካርድ ክፍል ማለት በአንዲት የመስኮት ቀዳዳ የሰው እጅ ብቻ የሚታይበት፣ ፋይል ሲያወጡና ሲመልሱ የሚዋልበት ጠባብ ክፍል ነው። ሦስቱ መንደሮች ደግሞ በእግር ሲደረስባቸው ሦስት ቀን ይፈጃሉ። ምጥ ሦስት ቀን አይጠብቅም።

በመንገድ ቢሮው ያለው የመንገድ ደኅንነት ባለሙያ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የእህቷ ልጅ። ኃላፊው ይህን ሲሰማ ትንሽ አሰበና፣ «ዘመድም ቢሆን የተማረ ነው፤ አይዋሽም» አለ። ይህች ቃል መሐንዲሱ ትከሻ ላይ እንደ ድንጋይ ተቀመጠች።

መሐንዲሱ ከተመለሰ አምስት ወሩ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሩቅ አገር ተምሮ፣ ሃያ አራት ጥያቄ ያለው የመንገድ መመዘኛ ቅጽ በቦርሳው ይዞ ነው የመጣው። ቅጹን ከዚያ አገር ቋንቋ ወደ አማርኛ የመለሰው ራሱ ነው። ከሃያ አራት አሥራ ሁለትና ከዚያ በላይ ያገኘ መንገድ ያልፋል፤ ከዚያ በታች ይወድቃል። እዚያ ሳለ በቁጥሩ ያምን ነበር። እዚህ ግን፣ «የእግረኛ መንገዱ ስፋት ስንት ነው?» የሚለው ጥያቄ ላይ በደረሰ ቁጥር ብዕሩ ይቆምበታል። የሌለ ነገር ስፋት እንዴት ይለካል? ሰው፣ «ለእረፍት ነው ወይስ ጠቅልለህ መጣህ?» ሲለውም እንደዚያው ነው የሚሆነው።

ቅዳሜ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ዘበኛው፣ ኃላፊው ለጥናቱ ብስክሌቷን እንዲሰጥ የጻፈለትን ደብዳቤ ይዞ፣ ዕቃ ቤቱን ከፈተላቸው።

«ነይ ውሰጃት እትዬ ደወል፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ ስታለቅስ ነበር» አለ ዘበኛው።

«ማን?»

«ብስክሌቷ ናታ! ጎማዋን እይው፤ ከሐዘን ብዛት ሟሟ።»

«ጋሼ፣ ነፋስ ብትሞላላት ኖሮ መቼ ታለቅስ ነበር» አለችና ጎማውን በአውራ ጣቷ ተጫነችው። ነፋች። የፊቱን ፍሬን ጨብጣ ብስክሌቷን ወደፊት ገፋች፤ የኋላውንም እንዲሁ። ሰንሰለቱን በጨርቅ ጠረገች። በመጨረሻ ደወሏን መታች፤ ካርድ ክፍል በራፍ ላይ የተሰለፈው ሰው ሁሉ ዞር አለ።

ለመሐንዲሱ ዘበኛው የራሱን ብስክሌት አዋሰው። «ኮርቻዋ ትንሽ ይነክሳል፤ ሌላ ነውር የለባትም» አለው።

አክስቱ ቢጫ ሰደርያዋን ለበሰችና ከቦርሳዋ ብርቱካንማ የሆነ ሌላ አውጥታ ወረወረችለት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ሹፌር ከሩቅ አይቶ የሚደነግጥበት ነው።»

«አክስቴ፣ የታሰርሁ ነው የምመስለው።»

«ቆንጆ መሆን ካማረህ ከተማህ ሂድ። እዚህ የሚፈለገው መታየት ነው። አቧራው ሲነሣ ግራጫ የለበሰ ሰው ድንጋይ ነው የሚመስለው፤ ለድንጋይ ደግሞ ማንም ፍሬን አይዝም።»

ወጡ። አስፋልቱ ከተነጠፈ ዓመት አልሞላውም፤ ጠቁሮ ያብለጨልጫል፤ በግራ በቀኙ ጥልቅ ቦይ አለው። ከቦዩ ማዶ ማሳ ነው። መንገዱ ጠባብ በመሆኑ አንድ የአሸዋ መኪና ሲያልፍበት ለሌላው የሚተርፈው ትንሽ ነው። መሐንዲሱ መቶ ሜትር ሳይሄድ ነጩን የጠርዝ መስመር ተጠግቶ እንደ ገመድ ላይ ተራማጅ መንዳት ጀመረ።

«ራቅ በል ከጠርዙ!» ብላ ከኋላው ጮኸችበት። «አንድ ክንድ!»

«መኪና ቢመጣስ?»

«መኪና ስለሚመጣማ ነው! ጠርዝ ላይ ከተለጠፍህ ሹፌሩ 'ቦታ አለ፣ አልፋለሁ' ይላል፤ ከዚያ አንተን ወደ ቦዩ ይሸኝሃል። አንድ ክንድ ወደ ውስጥ ከገባህ ግን ለማለፍ ማሰብ አለበት። የሚያስብ ሹፌር አይገድልህም።» ጥቂት ነድታ ጨመረችበት፣ «ጠርዝ ይዞ የሚሄደውን መኪናም ይገፋዋል፣ ሰውም ይገፋዋል።»

መሐንዲሱ ይህንኑ ነገር አንድ ፕሮፌሰር በስላይድ ሲያስረዳ እንደ ሰማ ትዝ አለው። ፕሮፌሰሩ ግን አርባ ደቂቃ ፈጅቶበት ነበር።

ከፊት ለፊታቸው አራት ሴቶች ወደ ጤና ጣቢያው ይመጣሉ፤ አንዷ ሆዷ ገፍቷል። አንድ በአንድ ተከታትለው ነው የሚሄዱት። አክስቱ ደወሏን መታች።

«የኔ እመቤት፣ ሰኞ አልነበር ቀጠሮሽ?»

«ሰኞ ድረስ ይቆየኛል ብለሽ ነው እትዬ?»

«ይቆይሻል! ፊትሽ ነግሮኛል። በሉ ሰልፋችሁን አትልቀቁ።»

መሐንዲሱ ወረቀቱን አውጥቶ፣ «እግረኞች በትክክለኛው ጎን ይሄዳሉን?» በሚለው ጥያቄ አጠገብ ዜሮ ጻፈ። ምን ያድርግ? ሴቶቹ የያዙት በአካሄዳቸው ግራቸውን ነበር። እነሱን ብሎ እውነቱን ሊያጣምም አይችልም።

አራት ኪሎ ሜትር ላይ ሰዉ «ክርኑ» የሚለው ቦታ ደረሱ። መንገዱ በረጅም የድንጋይ ግንብ ጥግ ወደ ቀኝ ይታጠፋል፤ ከግንቡ ወዲያ ምን እንዳለ አይታይም። አክስቱ ገና ከሩቁ፣ ወዲህም ወዲያም በሚታይበት ቦታ ወረደች። ግራ ቀኝ አየች፣ ጆሮዋን ጣለች፣ ብስክሌቷን እየገፋች ወደ ግራ ተሻገረች። ከዚያ በእግሯ ቀጠለች።

መሐንዲሱ ግን የእይታ ርቀት መለካት አለበት። ብስክሌቱን አስደግፎ፣ ሜትሩን ይዞ፣ በቀኝ በኩል የግንቡን ጥግ ተከትሎ ይራመድ ጀመር። ያኔ ነው አፉን ሞልቶ የተናገረው።

«አክስቴ፣ የተሳሳተ ጎን ነው የያዝሽው! እግረኛ ሁልጊዜ የሚመጣውን መኪና ፊት ለፊት እያየ ነው መሄድ ያለበት። ይሄ የመጀመሪያው ሕግ ነው።»

አክስቱ ጫማውን ግራና ቀኝ አለዋውጦ ያደረገ ሕፃን እንደምታይ አየችው። ልትመልስለት አፏን ከፈተች፤ ከዚያ ግን ጆሮዋ የሆነ ነገር ያዘ። ብስክሌቷን መሬት ላይ ጣለች፣ መንገዱን በሦስት እርምጃ አቋረጠች፣ ብርቱካንማውን ሰደርያ ከአንገቱ ሥር ጨብጣ ሳበችው። ሁለቱም ግንቡ ላይ ተለጠፉ። የአሸዋ መኪናው ከኋላው መጥቶ፣ ሜትሩን ከእጁ በነፋሱ ነጥቆ አለፈ።

አቧራው ረገፈ።

«መኪናው ከየት መጣ?» አለች አክስቱ፣ በለሆሳስ።

«ከ... ከኋላዬ።»

«ፊት ለፊት እያየኸው ነበር?»

መሐንዲሱ ዞሮ የያዘውን ጎን አየ። እዚያ፣ በተማረበት አገር፣ መኪና በግራ ነው የሚነዳው፤ መኪናውን ፊት ለፊት ለማየት እግረኛ ቀኙን ይይዛል። እዚህ መኪና በቀኝ ስለሚሄድ እግረኛ መያዝ ያለበት ግራውን ነው። ይህን እያወቀው ነው። ሕጉን ራሱ በቃሉ ያውቀዋል፤ እግሩ ግን ዘጠኝ ዓመት የለመደውን ሄደ። ከሁሉ የባሰ ያሳፈረው ሌላ ነገር ነው፤ ለአራቱ ሴቶች የሰጣት ዜሮ።

«አክስቴ፣ እነዚያ ሴቶች ልክ ነበሩ።»

«ልክ ናቸዋ! እኔ አይደለሁ ያስተማርኋቸው? 'ስትሄጂ ፊቱን እያየሽ፣ ስትነጂ ጀርባሽን ሰጥተሽ' ብዬ። ክርኑ ላይ ደግሞ ሳይታጠፍ በፊት ወደሚያሳየው ጎን መሻገር ነው፤ ግንብ ጥግ የሚሄድ ሰው ለመኪናም ለራሱም የተደበቀ ነው።» ሰደርያውን አስተካከለችለት። «የኔ ጌታ፣ ለመሆኑ እዚያ አገር ይህን ያህል ዓመት በሕይወት እንዴት ቆየህ?»

ሳቁ ድንገት መጣ፤ እሱም ሳቀ፣ እሷም ሳቀች። ቅጹን አውጥቶ ዜሮዋን ሰረዘና አንድ ጻፈ። ያ ጥያቄ የሚሰጠው ትልቁ ቁጥር አንድ ነው።

ከክርኑ ማዶ መንገዱ እንደ ክር ቀጥ ይላል። አክስቱ መሃሉ ላይ ስትደርስ በአገጯ አመለከተች። የወደቀችበት እዚህ ነው። መሐንዲሱ ወረደ፤ ወደ ኋላ አየ፣ ወደ ፊት አየ። በሁለቱም በኩል ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ይታያል። ጉድጓድ የለም፣ አሸዋ የለም፣ ከብት የሚያቋርጥበት ዱካ እንኳ የለም። ከመንገዱ ሁሉ የተሻለው ቦታ ይሄ ነው።

«እዚህ?»

«እዚህ።»

«ምን ነበረ?»

«ምንም።»

«አክስቴ፣ 'ምንም' ሰው አይጥልም።»

«ጻፍ በቃ። 'ምንም' ብለህ ጻፍ» አለችና ፊቷን ወደ ማሳው መለሰች። «አንድ ነገር ግን ልንገርህ። ዘመዷ ነኝ ብለህ እንዳትጽፍልኝ። ያየኸውን ጻፍ። ካርድ ክፍል ብገባ አልሞትም።» እንዲህ ስትል ግን እጇ የብስክሌቷን መሪ አጥብቆ ይዞ ነበር።

ሩቅ ሳይሄዱ ከኋላ ጥሩምባ ሰሙ። ሌላ የአሸዋ መኪና ነው። አክስቱ ዞር ብላ አየችና ቦታዋን ሳትለቅ፣ ከጠርዙ አንድ ክንድ እንደራቀች ነዳች። መኪናው እንደ አሮጌ በሬ እያለከለከ ከኋላዋ ተከተለ። መንገዱ ሰፋ ያለበት ቦታ ሲደርሱ እጇን ወደ ታች አወዛውዛ ፍጥነት ቀነሰች፤ እንዲያልፍ ምልክት ሰጠችው። አላለፈም፤ ከጎናቸው ቆመ። አንገቱ ከጭንቅላቱ የሚወፍር ሹፌር በመስኮቱ ክርኑን አወጣ። ሰዉ «ሻኛው» የሚለው እሱን ነው።

«እትዬ ደወል! እንኳን ለመንገድሽ አበቃሽ! ዛሬ ጋቢናው ባዶ ነው፤ ቦይ አያስፈልግሽም!»

«ሂድ ወደ ሥራህ አንተ!»

መሐንዲሱ ጆሮው ቆመ። «ጋቢናው ባዶ ነው ማለት?»

«አልነገረችህም እንዴ?» አለ ሻኛው። «ያን ቀን ኃላፊያቸውን አሳፍሬው ነበር። መኪናቸው ተበላሽቶ መንገድ ላይ አገኘሁትና። እኔ እንደ ወትሮዬ ከኋላዋ ቀስ ብዬ እየጠበቅሁ ነው። የእሷን መንገድ ማን ይጋፋል? ዞር ብላ አየችን። ኃላፊውን ጋቢና ውስጥ ስታይ፣ ምን ልበልህ፣ ጥግ ያዘች፣ አንገቷን ሰበረች፣ ይባስ ብላ እጅ ልትነሣ አንድ እጇን ከመሪው ለቀቀች። ከዚያማ ብስክሌቷ ወዲያ፣ እሷ ወዲህ!»

«እሱስ? አላያትም?»

«ስልክ እያወራ ነበር። ያየው ስትወድቅ ነው እንጂ መንገድ ስትለቅለትማ የት አይቶ።»

«የአንተ አፍ እንደ መኪናህ ነው፣ ፍሬን የለውም!» አለች አክስቱ።

«የመኪናዬ ፍሬንማ አለው! ይኸው በሕይወት አለሽ» አለና ሻኛው እየሳቀ ሄደ።

ሁለቱ ብስክሌቶቻቸውን ደግፈው ቆሙ። የአክስቱ ጆሮ ቀልቶ ነበር። መሐንዲሱ አክስቱ ስታፍር አይቶ አያውቅም።

«ሃያ ሁለት ዓመት ለአሸዋ መኪና ያልለቀቅሽውን መንገድ?»

«ታዲያ አለቃዬን ከኋላዬ ላስከትለው? እንደ ከብት ልንዳው? ይሉኝታ የሚባል ነገር አለ እኮ ልጄ! ረሳኸው መሰለኝ እዚያ ሆነህ።»

«አልረሳሁም። ግን ሊገድልሽ ነበር።»

«በዚያ ወረቀትህ ላይ የይሉኝታ ጥያቄ አለ?»

ሃያ አራቱንም በሐሳቡ ከለሳቸው። «የለም።»

«እንግዲያው አትጻፈው። ያየኸውን ጻፍ አልሁህ እንጂ የሰማኸውን አላልሁህም። ሰውየው ካወቀ ያፍራል። ለእኔ ብሎ የቆለፈ ሰው ነው፤ ለምን አሸማቅቀዋለሁ?»

መሐንዲሱ ሌላ ጊዜ ቢሆን ዝም ይል ነበር። ከተመለሰ ወዲህ ብዙ ነገር ላይ ዝም ብሏል፤ 'ምናልባት የማላውቀው እኔ እሆናለሁ' እያለ። ዛሬ ደግሞ ዝም እንዲል ከማንም በላይ ምክንያት ነበረው፤ ገና ከግማሽ ሰዓት በፊት ግንብ ጥግ ሕግ ሲያስተምር ከሞት የተረፈ ሰው ነው። ግን አንድ ነገር በዓይኑ አይቷል፤ ይህች ሴት ቦታዋን ይዛ ስትነዳ ያ ሁሉ ብረት ከኋላዋ አደብ ገዝቶ ሲከተል አይቷል።

«አንድ ጥያቄ ብቻ ልጠይቅሽ» አላት። «የመኪናቸው ጥገና አለቀ አይደል? ነገ ብስክሌትሽ ትመለስልሽ እንበል። ከነገ ወዲያ እሱ ራሱ በመኪና ከኋላሽ ቢመጣስ? ያኔስ ትለቂያለሽ?»

አክስቱ ልትመልስ ፈጠን አለች፤ ከዚያ ቆመች። ዓይኗ ወደ ቦዩ ሄደ።

«እለቃለሁ» አለች በመጨረሻ። ቃሉን ራሷ ስትሰማው ደነገጠች። «አንተ! የእውነት እለቃለሁ እኮ።»

«እኔ መፈረም የማልችለው ለዚህ መልቀቅሽ ነው» አላት። «ለመንገዱ አይደለም።»

ተመለሱ። ጤና ጣቢያው ደርሰው ጥላ ሥር ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ እሱ ቅጹን ደመረ። አሥራ አንድ። ደግሞ ደመረ፤ አሥራ አንድ። ለማለፊያ የጎደለችውን አንዲት ነጥብ ከየትም ማምጣት ይችል ነበር፤ 'የመንገዱ ገጽታ' የሚለውን አንድ ከፍ ቢያደርገው ማንም አይጠይቀው። አላደረገውም። አሥራ አንድ ብሎ ጻፈ። ከሥሩ ባለው ባዶ ቦታ ላይ ደግሞ በራሱ እጅ ይህን ጨመረ፦ «ቅጹ የሚጠይቀው ስለ መንገዱ ብቻ ነው፤ ስለ ነጂዋ አይጠይቅም። ዛሬ በዓይኔ እንዳየሁት፣ አዋላጇ ቦታዋን ይዛ እስከ ነዳች ድረስ በዚህ መንገድ ላይ ከእሷ የተሻለ አነዳድ እኔም አላውቅም። ክርኑ ላይ የማስጠንቀቂያ ምልክት ይተከል። ብስክሌቷ ትመለስላት፤ አንድ ቅድመ ሁኔታ ግን አለው፤ እሱን ራሷ ትናገራለች።» ፊርማውን ሳያሳርፍ ወረቀቱን ሰጣት።

አነበበችው። ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«ተንኮለኛ ነህ» አለችው።

«የእህትሽ ልጅ ነኝ።»

«አዎ፣ እሷም እንዲህ ነበረች።» ስልኳን ከሰደርያዋ ኪስ አወጣች። መነጽሯን አደረገች፤ በአንድ ጣቷ ፊደል በፊደል እየለቀመች መጻፍ ጀመረች። ምጥ ላይ ያለች ሴት ፊት ስትቆም የሚታይባት ዓይነት ፊት ነበር፤ የተሰበሰበ፣ የማይቸኩል። ጽፋ ስትጨርስ ስልኩን ወደ እሱ አዞረችው።

«ጌታዬ፣ እንደምን ዋሉ። ያን ቀን የወደቅሁት መንገዱ ከፍቶ አይደለም። እርስዎን ጋቢና ውስጥ ሳይ አክብሬ ጥግ ስለያዝሁ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ እርስዎ አላዩም። ከእንግዲህ ግን ለማንም ጥግ አልይዝም፤ ለእርስዎም ጭምር። ከኋላዬ ከመጡ፣ መንገዱ እስኪሰፋ ይጠብቁኝ። አክባሪዎ።»

«'ጥፋቱ የእኔ ነው' የሚለውን አውጪው» አላት።

«እሱን አትንካ። የቀረውን የሚያስውጠው እሱ ነው» አለችና ላከችው። ከዚያ እጇን ዘርግታ፣ «ፈርም» አለችው። ፈረመ።

ዘበኛው ቁልፉን እያንቀጫቀጨ መጣ። ብስክሌቷን አየ፣ እነሱን አየ፣ ከኪሱ የጠዋቷን የኃላፊውን ደብዳቤ አውጥቶ በዓይኑ ፈለገባት።

«እዚህ ላይ 'ስጥ' ይላል። 'መልሰህ ተቀበል' የሚል ግን አላየሁም።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ ያላዘዙኝን አልሠራም። ይዘሻት ሂጂ» አለና ዕቃ ቤቱን ባዶውን ቆለፈው።

ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ አክስቱ ቢጫ ሰደርያዋን ለብሳ ወጣች፤ ያችን ሆዷ የገፋ ሴት ልታይ። ከጠርዙ አንድ ክንድ ርቃ ነበር የምትነዳው። መሐንዲሱ ከቢሮው መስኮት እስክትሰወር አያት፤ ከዚያ ደወለላት።

«መለሰልሽ?»

«ማን?»

«ኃላፊው ነዋ።»

«ኧረ እየነዳሁ ነው፤ በስልክ አታነጋግረኝ!» ብላ ዘጋችበት።

ማታ ሲገናኙ መልእክቱን ከፍታ አሳየችው። ከሥሩ «ተነቧል» የሚል ምልክት አለ፤ ቅዳሜ፣ ከላከችው ሁለት ደቂቃ በኋላ። ከዚያ በታች ባዶ ነው። በማግስቱም ባዶ ነበር፣ በሳምንቱም፣ በወሩም። ብስክሌቷን ግን መልሺ ያላት የለም።